የሰሌዳ ድንጋይ ሠራተኞች ረድፍ ቤቶች በሰሜን ዌልስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ዌልስ ተራሮች ግርጌ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተደረደሩ ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች አሉ። የኖሩባቸው ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ከተራራው የጣሪያ ድንጋይ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። የዓለምን ጣሪያ ከደኑ። የራሳቸው ቤት የቆመበት መሬት ግን ብዙውን ጊዜ የእነሱ አልነበረም። ስለነዚህ ቤቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ ያው ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ፣ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሰሌዳ ድንጋይ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፈረንጆቹ "ስሌት" ይሉታል። ከሒሳቡ ስሌት ጋር እንዳይምታታብን ነው የሰሌዳ ድንጋይ የምለው። ድሮ ተማሪ በጠመኔ የሚጽፍበት ትንሿ ጥቁር ሰሌዳ ከዚሁ ድንጋይ ትሠራ ነበር። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ በንብርብር የተሠራ ነው። በመሮና በመዶሻ በትክክለኛው መስመር ከመቱት ይሰነጠቃል። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ውሃ የማያስገባ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ለጣሪያ ክዳን የሚመች ነገር ነው። ቀለሙ እንደ ካባው፣ ማለትም ድንጋዩ ተቆፍሮ እንደሚወጣበት ቦታ፣ ይለያያል። የፔንሪን ካባ ድንጋይ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ የብላይናይ ፌስቲኒዮግ ደግሞ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው።

ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ከፈለጉ በጣትዎ አንጓ መታ ያድርጉት። ደህናው እንደ ሸክላ ዕቃ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የጣሪያ ሠራተኞች ዛሬም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቤቶቹ ለምን እዚያ ተሠሩ? ቦታው ጭር ያለ ተራራ አይደል?

ጭር ያለ ነበር። የበግ እረኛና ጭንጫ መሬት ብቻ። ነገሩን የቀየረው የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ዘመን ነው። ማንችስተርና ሊቨርፑልን የመሰሉ ከተሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ አበጡ። ፋብሪካው፣ የሠራተኛው ቤት፣ መጋዘኑ ሁሉ ክዳን ይፈልጋል። በባሕር በሚጓዘው የሰሌዳ ድንጋይ ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ በ1831 ሲነሳ ገበያው ተለቀቀ። በ1836 ከፌስቲኒዮግ ካባዎች እስከ ፖርትማዶግ ወደብ ቀጭን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። በ1842 የጀርመኗ ሃምቡርግ በእሳት ስትወድም፣ እንደገና ስትገነባ ከለበሰችው ጣሪያ ብዙው ከዌልስ በመርከብ የሄደ ነው።

በ1890ዎቹ ኢንዱስትሪው ጫፍ ደረሰ። ወደ 17,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው። በዓመት የሚያመርተው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሰው የሆነ ቦታ ማደር አለበት። ረድፍ ቤቶቹ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። አንድ ቶን ለገበያ የሚሆን ሰሌዳ ለማግኘት እስከ አሥር ቶን ውዳቂ ድንጋይ ይጣላል። ዛሬ ከቤቶቹ ጀርባ የሚታየው ጥቁር ግራጫ ተራራ ተፈጥሮ የሠራው ሊመስል ይችላል። ሰው የከመረው ነው። ብላይናይ ፌስቲኒዮግ የስኖውዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ በ1951 ሲከለል ከመሃል ተቆርጣ የወጣችው በዚህ ክምር ምክንያት ነው። ካርታው ላይ ፓርኩ ዙሪያዋን ይከባታል፤ እሷ ግን ውጭ ናት። የከተማዋ ሰዎች ይህን ሲያነሱ እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ቤቶቹን የሠራው ማን ነው? ካምፓኒው ነው?

ብዙ ሰው እንደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠራተኛ ሰፈር አድርጎ ይገምታል፤ አሠሪው ሠርቶ የሰጠው ማለት ነው። እንደዚያ የሆነበት አለ። አበርገኖልዊን የምትባለው መንደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የማንችስተር የጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች በ1860ዎቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ጥጥ ሲጠፋባቸው፣ ገንዘባቸውን ወደ ሰሌዳ ድንጋይ አዞሩ። ካባውን አስፋፉ፣ ባቡር ዘረጉ፣ ለሠራተኛውም በረድፍ በረድፍ ቤት አሠሩ። አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ዌልስ ውስጥ መንደር ቆረቆረ ማለት ይቻላል።

የፔንሪን ባለርስቶች መንገድ ሌላ ነበር። መኒድ ላንደጋይ በሚባለው ከፍታ ላይ ለሠራተኞቻቸው ቤት ከቁራሽ መሬት ጋር አከራዩ። ጠባብ፣ ረጅም ቁራጭ ነው። ሰውየው ቀን ካባ ይውላል፤ ማታና ቅዳሜ ድንቹን ይኮተኩታል፣ ላሙን ያያል። ቸርነት ይመስላል። በከፊል ቸርነትም ነበር። ግን ላሙና ድንቹ ያሉት ሰው በዝቅተኛ ደመወዝ መኖር ይችላል። ቤቱም መሬቱም የአሠሪው የሆነ ሰው ደግሞ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለቴ ያስባል።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ሠራተኞቹ ራሳቸው የሠሩት። ቤተስዳ፣ ዴይንዮለን፣ የብላይናይ ሰፈሮች በብዛት የተገነቡት በዚህ መንገድ ነው። መሬቱን ከባለርስት ለተወሰኑ አስርት ዓመታት በሊዝ ይወስዳሉ። ከዚያ ገንዘብ አጠራቅመው፣ ተበድረው፣ ድንጋዩን ተሸክመው ቤት ያቆማሉ። የሊዙ ዘመን ሲያልቅስ? ቤቱ ከነግድግዳው፣ ከነጣሪያው ለመሬቱ ባለቤት ይመለሳል። አባት የሠራውን ቤት ልጅ ተከራይቶ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው።

ጭሰኛ የሚለውን ቃል ከአያቶቹ አፍ የሰማ፣ ወይም ዛሬ በሊዝ መሬት ላይ ቤት ያለው ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ዌልሶችን ለትውልዶች ያንገበገበ ጉዳይ ነው። መልስ ያገኘው በ1967 በወጣው የሊዝ ማሻሻያ ሕግ ነው። በረጅም ሊዝ የሚኖር ሰው ቤቱ ያረፈበትን መሬት የመግዛት መብት ያገኘው ያኔ ነው። ልብ ይበሉ፣ ያን ጊዜ ካባዎቹ ሊዘጉ አፋፍ ላይ ነበሩ።

ውስጣቸው ምን ይመስላል?

በጣም የቆየውን ዓይነት ልንገርዎ። በዌልስኛ ክሮግሎፍት ይባላል። እኛ ቆጥ የምንለው ነገር አለበት። በሩን ሲከፍቱ በቀጥታ ዋናው ክፍል ውስጥ ነዎት። በአንድ ወገን ትልቅ ምድጃ። ምግብ የሚበስለው፣ ልብስ የሚደርቀው፣ ልጅ የሚታጠበው እዚያው ፊት ለፊት ነው። በሌላው ወገን በሳንቃ የተከለለ ትንሽ መኝታ አለ። ከዚያ መኝታ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በመሰላል የሚወጣበት ቆጥ። ልጆቹ እዚያ ይተኛሉ። ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። ክረምት ላይ ዝናቡ ከራስዎ አንድ ክንድ በላይ ሰሌዳውን ሲመታ ይሰማል።

ወለሉ የተነጠፈው በዚያው በሰሌዳ ድንጋይ ነው። የመስኮቱ ደፍ፣ የበሩ መረገጫ፣ የጓሮው አጥር ሳይቀር ከሱ ነው። አጥሩን ማየት ደስ ይላል። ረጃጅም የሰሌዳ ፍላጮች ጎን ለጎን ይተከሉና ከላይ በሽቦ ይታሰራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ጥርስ ይመስላል። ግድግዳው ካልተጠረበ የተራራ ድንጋይና ከካባው ውዳቂ የተገነባ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሜትር ይሞላል።

እየቆየ ቤቶቹ ተሻሻሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሠሩት ሁለት ክፍል ታች፣ ሁለት ክፍል ላይ ሆኑ። መሰላሉ በደረጃ ተተካ። ከፊት ለፊት ያለው ትንሽ ሳሎን ግን በብዙ ቤት አይከፈትም ነበር። ጥሩ ዕቃ ይቀመጥበታል። የሚከፈተው ቄስ ሲመጣ ወይም ሰው ሲሞት ነው። እኛም ቤት ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ስኒ አለ፤ ያንን ያስቡ።

ውሃ ከጋራ ቧንቧ ወይም ከምንጭ ይቀዳል። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ዌልሶች "ቲ ባህ" ይሉታል፤ ትንሿ ቤት ማለት ነው። ዛሬም ሽንት ቤት ሲፈልጉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ በዚያ ላይ ደባል ያስገባ ነበር።

ሁሉም ቤተሰብ ይዞ ነበር የሚኖረው?

አይደለም። ከአንግልሲ ደሴት የሚመጡ ብዙ ወንዶች ሰኞ ገና ሳይነጋ ከቤታቸው ተነስተው የሳምንቱን ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ማደሪያቸው ካባው አናት ላይ ነው። የዲኖርዊግ ካባ "የአንግልሲ ባራክ" በመባል የሚታወቀው ሰፈር ዛሬም ቆሟል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረድፎች ናቸው። በእያንዳንዱ ረድፍ 11 ቤት። አንዱ ቤት አንድ መቀመጫና አንድ መኝታ ክፍል ብቻ አለው፤ አራት ሰው ይካፈለዋል። መብራት የለ፣ ሽንት ቤት የለ። በ1948 የጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ ለሰው መኖሪያ አይሆንም ብሎ እስኪያዘጋው ድረስ ሰው ይኖርበት ነበር። 1948ን ልብ ይበሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልፎ ማለት ነው።

አሁን ጣሪያ የላቸውም። ምድጃዎቹ ግን አሉ። በመካከላቸው ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፉ በግራም በቀኝም በረድፍ ባዶ ምድጃ ያያሉ።

ሠራተኞቹ ምን ያህል ያገኙ ነበር? ኪራይ መክፈል ይችሉ ነበር?

ገቢያቸው እንደ ወሩ ነው። ሥርዓቱ "ባርገን" ይባላል፤ ድርድር እንደማለት። ጥቂት ሰዎች በቡድን ይሆኑና በወሩ መጀመሪያ ከካቦው ጋር ስለ አንድ የገደል ቁራጭ ይደራደራሉ። ድንጋዩ መጥፎ ከሆነ ከዋጋው ላይ ጭማሪ ይጠይቃሉ። ጥሩ ከሆነ ካቦው ይቀንሳል። ካቦው ካልወደደዎት መጥፎውን ገደል ይሰጥዎታል። በወሩ መጨረሻ ከሚያገኙት ላይ የባሩዱ፣ የገመዱና የመሣሪያው ይቆረጣል። ድንጋዩ ሳይሆንለት ቀርቶ ወሩን ሙሉ ለፍቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ነበር።

ለዚህ ነው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የመረዳጃ ማኅበር ትልቅ ቦታ የነበረው። ለታመመ፣ ለተጎዳ፣ ለሞተ የሚሆን መዋጮ ነበር። እድር ማለት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ለትምህርት ነበራቸው የሚባለው ፍቅር እውነት ነው። ካባው ውስጥ ምሳ የሚበሉባት ጎጆ "ካባን" ትባላለች። እዚያች ውስጥ የፖለቲካ ክርክር፣ የግጥም ውድድር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄ ይካሄዳል፤ ሊቀ መንበር ተመርጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ። በ1884 የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ከደመወዛቸው ሳንቲም አዋጥተው ካቋቋሙት መካከል እነዚሁ ሠራተኞች አሉበት።

በመስኮት ላይ ይለጠፍ የነበረው ጽሑፍ ምንድን ነው?

"በዚህ ቤት ከሃዲ የለም።" በዌልስኛ "ኒድ ኦይስ ብራዱር አን አ ቲ ሁን" ይላል።

ታሪኩ የቤተስዳ ነው። በኅዳር 1900 ወደ 2,800 የሚሆኑ የፔንሪን ካባ ሠራተኞች ሥራ ትተው ወጡ። የፈለጉት በማኅበራቸው ለመወከል ነው። የባርገን ሥርዓቱም በኮንትራክተር እየተተካ መሄዱ አንገሽግሿቸዋል። የካባው ባለቤት ሎርድ ፔንሪን ከማኅበር ጋር አልነጋገርም አለ። ነገሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። በብሪታንያ ታሪክ ከታዩት የሥራ ክርክሮች እጅግ ረጃጅሞቹ አንዱ ነው።

በ1901 ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ ላይ፣ ካባው ሲከፈት 400 ያህል ሰዎች ተመለሱ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የወርቅ ሳንቲም ተሰጣቸው። ያን ጊዜ ነው ይህ ጽሑፍ ያለበት ካርድ በየመስኮቱ የወጣው። አንድ ረድፍ ቤት ያስቡ። ግድግዳው የጋራ ነው። የጎረቤትዎ ሳል ይሰማዎታል። አሥር ቤት ካርዱን ሰቅሏል፤ አስራ አንደኛው መስኮት ባዶ ነው። ባዶው መስኮት ራሱ ይናገራል። ካርዱን ያወረደ ቤት ደግሞ በአንድ ሌሊት ስሙ ይቀየራል። ወደ ሥራ የተመለሱትን "ጭራ ያላቸው" ብለው ሰየሟቸው። ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለ፤ ሱቅም ለሁለት ተከፈለ፤ ወንድም ከወንድሙ ተኮራረፈ። በትሬጋርት ለተመለሱት ቤቶች ሲሠሩላቸው ቂሙ በመንገዱ መጠሪያ ላይ ሳይቀር ታየ።

የአድመኞቹን ቤተሰብ ለመርዳት የወንዶችና የሴቶች መዘምራን በእንግሊዝ ከተሞች እየዞሩ ዘፍነው ገንዘብ ሰበሰቡ። ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሄደና አልተመለሰም። በኅዳር 1903 የቀሩት የጠየቁትን ሳያገኙ ተመለሱ። ሁሉም ግን ተመልሶ አልተቀጠረም።

እኔ ይህችን ካርድ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚነካኝ "ቤት" የሚለው ቃል ነው። "እኔ ከሃዲ አይደለሁም" አይልም። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ደባሉ፣ ሁሉም አብረው የቆሙበት ቃል ነው።

የባለቤቶቹ ሀብት ከየት መጣ?

የፔንሪኖቹን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው። ካባውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ሪቻርድ ፔናንት በጃማይካ የሸንኮራ እርሻና በባርነት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩት። መንገዱ፣ ወደቡ፣ የካባው ማስፋፊያ በዚህ ገንዘብ ተሠራ። ባርነት ሲቀር መንግሥት ካሳ ከፈለ፤ ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቹ። የፔንሪን ወራሽ ለ764 ሰዎች ከ14,000 ፓውንድ በላይ ተቀበለ። በዚያው ዘመን ከካባው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ግዙፉ የፔንሪን ግንብ እየተሠራ ነበር። በግንቡ ውስጥ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ከሰሌዳ ድንጋይ የተፈለፈለ አልጋ አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1859 ስትመጣ እንድትተኛበት ተብሎ ነበር፤ እንቢ አለች ይባላል።

ግንቡን የሚጎበኝ ሰው መኒድ ላንደጋይንም ወጥቶ ቢያይ እመክራለሁ። አንዱ ያለ ሌላው አይገባም።

አቧራው ጤናቸውን አልጎዳም?

ገደላቸው። ድንጋዩ ሲሰነጠቅና ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሲሊኮሲስ ይባላል። አቧራው በልብስ ላይ ወደ ቤት ይመጣል፤ ከርጥቡ ቤትና ከሳንባ ነቀርሳው ጋር ይገናኛል።

የሚያናድደው ግን በ1890ዎቹ ለመንግሥት መርማሪዎች የካባዎቹ ሐኪሞች የሰጡት ምስክርነት ነው። አቧራው ጉዳት የለውም አሉ። ታዲያ ሰውየውን ያሳመመው ምንድን ነው? ሻይ! ምድጃው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የሚውል ሻይና ዳቦ። ጥፋቱ የሚስቱ ሆነ ማለት ነው። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳው፣ በአቧራ የደነደነ ልብስ በእጇ የምታጥበው፣ በተቆራረጠ ደመወዝ ስምንት አፍ የምትመግበው ሴት ባሏን በሻይ ገደለች ተባለች። የሰሌዳ ሠራተኞች በቂ ካሳ የሚያገኙበት ሕግ የወጣው በ1979 ነው። ያኔ አብዛኞቹ ካባዎች ተዘግተዋል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም አልፈዋል።

መንደሮቹ ለምን የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ይዘዋል?

ይህን ሐበሻ ሁሉ ይጠይቃል፤ ደስም ይላል። መንደሮቹ ያደጉት በጸሎት ቤቶች ዙሪያ ነው። የጸሎት ቤቱ ስም የመንደሩ ስም ሆኖ ቀረ። ቤተስዳ በዮሐንስ ወንጌል ያለችው፣ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የሚላት መጠመቂያ ናት። ዴይንዮለን ድሮ አቤንኤዘር ትባል ነበር። በዚያው አካባቢ ቀርሜሎስ አለ፣ ናባው አለ፣ ቤቴል አለ፣ ናዝሬትም አለ። አዳማን ናዝሬት ሲሉ ያደጉ ሰዎች ባይገርማቸው ይሻላል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ዌልስ ብቻ ናቸው ያሉት?

አይደለም። በምዕራብ ስኮትላንድ የሰሌዳ ደሴቶች የሚባሉት አሉ፤ ኢዝዴል፣ ሉዊንግ፣ ሴይል። እዚያ ቤቶቹ ባለ አንድ ፎቅ ሳይሆኑ መሬት ላይ ያሉ፣ በኖራ ነጭ የተቀቡ ናቸው። በኅዳር 1881 ማዕበል ባሕሩን ካባዎቹ ውስጥ ደፋው። ከባሕር ወለል በታች የተቆፈሩ ስለነበሩ ሞሉ። ኢዝዴል ላይ ዛሬም መኪና የለም፤ ሰው ዕቃውን በእጅ ጋሪ ይገፋል።

ዛሬ ማን ይኖርባቸዋል?

ዲኖርዊግ በ1969 በድንገት ተዘግቶ ከ300 በላይ ሰው ሥራ ፈታ። ከዚያ በኋላ ቤቶቹ ለረጅም ጊዜ ርካሽ ነበሩ። በ2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የሰሌዳ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ኩራት ነው። ከኩራቱ ጋር ግን ጎብኚ፣ ከጎብኚው ጋር የዕረፍት ቤት ገዢ ይመጣል። በግዊኔድ አውራጃ ወጣቶች አያታቸው የኖሩበትን ረድፍ ቤት መግዛት አቅቷቸዋል። ምክር ቤቱ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሁለተኛ ቤቶች ላይ የ150 በመቶ ተጨማሪ ግብር ጥሏል። ከመደበኛው ሁለት እጥፍ ተኩል መክፈል ማለት ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በግዊኔድ በ2021 ቆጠራ መሠረት ከመቶው 64ቱ ዌልስኛ ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ መብራት የማይበራበት ቤት ሲበዛ፣ ትምህርት ቤቱ ልጅ ያጣል፤ ቋንቋውም ጎረቤት ያጣል። በውጭ አገር ልጆቹን አማርኛ ለማስተማር የሚታገል ወላጅ ይህ ጭንቀት እንግዳ አይሆንበትም።

እንዲህ ያለ ቤት ገዝቼ ላድስ ብል ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ቤቱ በቅርስነት መመዝገብ አለመመዝገቡን ያጣሩ። መዝገቡን የሚይዘው ካድው የተባለው የዌልስ የቅርስ ተቋም ነው። ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ መስኮት መቀየር እንኳ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው የተገነባው ኖራ ወይም ጭቃ እየተሞላ ነው። እርጥበት ገብቶ መልሶ ይወጣል፤ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ከለሰኑት ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል። ኖራ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ዋጋው ወደድ ቢልም።

ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ "ሰሌዳው አርጅቷል" ሲሉዎት ቶሎ አይመኑ። ደህና የዌልስ ሰሌዳ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ሚስማሩ ነው። አውርደው፣ መታ መታ አድርገው፣ የሚጮኸውን መርጠው በአዲስ ሚስማር መልሰው ይምቱት።

ለማየት የት ልሂድ?

ከለንደን ወይም ከማንችስተር የሚነሱ ከሆነ በባቡር እስከ ባንጎር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ላንቤሪስ። እዚያ ያለው ብሔራዊ የሰሌዳ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ለትልቅ እድሳት ስለተዘጋ፣ ከመነሳትዎ በፊት መከፈቱን ያረጋግጡ። በግቢው ውስጥ ፍሮን ሃውል የሚባሉ በአንድ ረድፍ የተያያዙ አራት ቤቶች አሉ። ከብላይናይ አጠገብ ካለችው ታንአግሪሻይ መንደር ድንጋይ በድንጋይ ፈርሰው መጥተው እዚህ የተተከሉ ናቸው፤ በ1999 ተከፈቱ። አንዱ የ1861 ቤት ሆኖ ተዘጋጅቷል፣ ኢንዱስትሪው ሲያብብ። አንዱ በ1901 ቤተስዳ፣ በአድማው መሃል። ሌላው በ1969 ላንቤሪስ፣ ካባው ሲዘጋ። ከአንዱ በር ወጥቶ ወደ ቀጣዩ መግባት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ዓመት ያልፋል።

ሰው የሚኖርበትን ማየት ከፈለጉ ወደ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ይሂዱ። ከፖርትማዶግ ድንጋዩን ያጓጉዝ የነበረው ያው ትንሽ ባቡር ይወስድዎታል። ዝናብ ልብስ ይያዙ። የአንግልሲ ባራክ ደግሞ ዲኖርዊግ ላይ በእግር የሚደረስበት ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ ድንጋዩ ሲርስ ያንሸራትታል። ጫማ ላይ አይቆጥቡ።